«እማዬ፣ ያንቺ ነው የሚያምረው»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር፤ ጉዳዬ ለሌላ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ደብረ ብርሃን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ስለሚሠራ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ሰኞ ንጋት ላይ ይመለሳል። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አማቴም ከመንዝ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረን ነን።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቹ ከስልኬ ላይ አይነሱም። ዝናቡ ደግሞ አያስወጣም። ዩቲዩብ ላይ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በወረቀትና በካርቶን ምን የመሰለ ነገር ሲሠሩ አያለሁና ቀናሁ። ደሞዝ በወጣ ቀን ባለቀለም ወረቀት፣ ሙጫ፣ ብልጭልጭ፣ መቀስና የውሃ ቀለም ገዛሁ። ዋጋውን አልነግርዎትም።

ቅዳሜ ከሰዓት የካርቶን ቤት መሥራት ጀመርን። ልጄ ጣሪያውን አጣማ ለጠፈችው። ነቅዬ አስተካከልኩት። መስኮቱን አስፍታ ቆረጠችው፤ እሱንም በሌላ ካርቶን ሸፈንኩት። ትንሹ ሙጫውን ምንጣፉ ላይ ደፋው፤ ጮህኩበት፤ አለቀሰ። በመጨረሻ ቤቱን ብቻዬን ጨረስኩት። ልጄን «ነይ በሩን ቀቢው» ስላት «እማዬ፣ ያንቺ ነው የሚያምረው፤ አንቺው ቀቢው» ብላኝ ስልኩን አንስታ ሄደች። ቤቱ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ ሁሉ «ልጅሽ ናት የሠራችው?» ይላል። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱም በጩኸት አለቀ። ድሮ ዳንቴል እሠራ ስለነበር የእጅ ሥራ እንግዳዬ አይደለም። ከወለድኩ ወዲህ ግን ኪሮሽ ነክቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ መሥራቱን አልወደውም። የምጓጓው ቶሎ አልቆ ቤቱን ለማጽዳት ነው። አንድ ማታ ብቻ መብራት ጠፍቶ ዳቦ ሳቦካ፣ እንዳይረብሹኝ ብዬ ቁራሽ ሊጥ ሰጥቻቸው እስኪተኙ ድምፃቸው አልተሰማም። እሱ ግን ሥራ አይባልም።

አማቴም ደስ አላላቸውም። ትንሹ ግቢ ውስጥ ጭቃ ሲያቦካ ባዩት ቁጥር «የሰው ልጅ ፊደል ይቆጥራል እንጂ ምነው እንደ ሸክላ ሠሪ…» ይላሉ። አከራያችንም ስለ ጭቃው አንድ ሁለቴ ተናግራኛለች።

ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። ግን ከእነሱ ጋር መጫወት የማልወድ ምን ዓይነት እናት ነኝ? ልተወው ወይስ ልግፋበት? ደግሞስ ለ5 ዓመት ልጅ መቀስ ይሰጣል እንዴ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ዓይኔ የካርቶኑ ቤት ላይ ነበር። በሁለተኛው ሊጡ ላይ ቆምኩ። «እሱ ግን ሥራ አይባልም» ብለሽ የዘለልሽው ሊጥ ላይ።

እስቲ ያን ማታ መልሰሽ አስቢው። መብራት የለም። አንቺ ዳቦ ታቦኪያለሽ። ዳቦው ለማንም የሚታይ አይደለም፣ ለነገ ቁርስ ነው። ልጆቹ አጠገብሽ ሊጡን እባብ ያደርጉታል፣ ድስት ያደርጉታል፣ መልሰው ይደፈጥጡታል። «እንዲህ አይደለም» ያላቸው ሰው የለም። ለምን ይመስልሻል? የገመትኩትን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ ጻፊልኝ። ያን ማታ እጅሽ ሊጥ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን ባዶ ነበረና የልጅሽን ጣሪያ ነቀለ።

ምን ዓይነት እናት ነኝ ላልሽው፣ ደሞዟ በወጣ ቀን ሙጫ የምትገዛ ዓይነት ነሻ! በዚህ ጥያቄ ከዚህ በላይ አልቆይም። ከልጅ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ወረቀት መቁረጥ የማይወድ ሰው ሞልቷል። አንዷ እኔ ነኝ። የእኛ እናቶችስ መቼ ከእኛ ጋር ተጫውተው ያውቃሉ? የኔዋ ስፌቷን ይዛ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ እኔ ከእግሯ ሥር የወዳደቀውን ስንደዶ እለቃቅማለሁ። ውሃ የነካውን፣ ለስለስ ያለውን መርጬ። የመጀመሪያዋ ስፌቴ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ነበረች። መሃሏ ጎድጉዶ፣ ጠርዟ ወደ አንድ ጎን ዞሮ። እናቴ አየት አደረገቻትና «ለድመቷ ቆብ ይሆናታል» ብላ ወደ ወስፌዋ ተመለሰች። እኔም ድመቷን አሳድጄ አጠለቅኩላት። እናቴ ልታቃናው ብትፈልግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ግን የራሷ ሌማት ነበረባት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ስለ ልጆቹ አይደለም። ኪሮሽሽን ፈልጊው። የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይመስለኛል፤ የሁላችንም እዚያ ነው። ልጆቹ አንድ ነገር ሊሠሩ ሲቀመጡ አንቺም ዳንቴልሽን ይዘሽ ተቀመጪ። የምትሠሪው ለእነሱ ማሳያ አይሁን፣ ለራስሽ ይሁን። ጣሪያው ሲጣመም ዓይንሽ ያየዋል። ይይ። እጅሽ ግን ክር ይዟል፤ ልጣልና ልነሳ ብትዪ ቁጥሩ ይጠፋብሻል። ልጅሽ «ያዥልኝ» ካለች ያዢላት። «እዚህ ጋ ቁረጪልኝ» ካለች ያሳየችሽ ቦታ ላይ ቁረጪ፣ ከዚያ ሁለት ጣት ወደ ግራ አይደለም። መቀስ ወይ ሙጫ ሊያስከፍት የሚመጣውን ትንሹን ክፈቺለትና ወደ ክርሽ ተመለሺ።

ይህ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ የተጣመመ እያቀናሽ ደሞዝ የሚከፈልሽ ሰው ነሽ። አንድ ሳንቲም ከጎደለ እስክትገኝ ቢሮ ታመሺያለሽ። ያን ዓይን በር ላይ አውልቀሽ አትገቢም። እኔም አውልቂው አልልሽም። የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስጪው ነው የምልሽ።

አሁን ወደዚያ ቤት እንምጣ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስላለው። «ልጅሽ ናት የሠራችው?» ሲሉሽ ምን ብለሽ ነው የምትመልሺው? አልጻፍሽልኝም። «አዎ» ብለሽ ከሆነ ልጅሽ መሬት መሬት ማየቷ አይገርምም። ያልሠራችውን ተመስግና የት ትይ? የሠራችው ጣሪያ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ብታደርጊስ? አንድ ማታ፣ ስትተኛ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጪና «ያን ቀን ጣሪያሽን የነቀልኩት አጥፍቼ ነው። ቤቱ ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን አድርጊው» በያት። አጭር ይሁን። የ9 ዓመት ልጅ እናቷ ይቅርታ ስትጠይቃት ታፍራለች፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ «እሺ» ብትልሽ በቂ ነው። በማግስቱ ቤቱን ልትቀባው ትችላለች። ለወንድሟ የመኪና ጋራዥ ልታደርገው ትችላለች። ቅድድ አድርጋ ልትጥለውም ትችላለች። ያኔ ሆድሽ ባር ባር ይልሻል፤ እንግዳ ሲያደንቀው አንቺም በልብሽ ትንሽ ደስ ብሎሽ ነበራ። ዝም በይ። ስለ ቤቱ ደግመሽ አታንሺ።

አማትሽ ያሉት ቃል እንዳመመሽ ገብቶኛል። «እንደ ሸክላ ሠሪ…» ብለሽ ነጥብ ነጥብ አድርገሽ ተውሻት። ቀሪውን እኔም አውቀዋለሁ፤ እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት። ቡናችንን ያፈላንበትን ጀበና፣ እንጀራችንን የጋገርንበትን ምጣድ የሠራችልንን ሴት ቡዳ ነች ብለን ስንሸሽ የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። እሳቸውም የእናንተው ሰፈር ሰው ናቸው፣ አንጎለላ የተወለዱ። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ቃሉ ግን አሁንም ከአፋችን አልወጣም። ይህን ሁሉ ግን ለአማትሽ አትንገሪያቸው። ምራት በክርክር ረትታ አታውቅም፤ ብትረታም እራት ላይ ትከፍለዋለች።

ይልቅ ከቃሉ ጀርባ ምን እንዳለ ጠይቂ። ምናልባት «ከጭቃ አውጥተን ከተማ ያስገባነው ልጅ ተመልሶ ጭቃ ገባ» የሚል ስጋት ይሆናል። ያ ስጋት ክፋት አይደለም። አንድ ቀን ቡና ላይ «እማዬ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው በምን ይጫወቱ ነበር?» በያቸው። መንዝ ያደጉ ሴት ስለ በግ ጠጉር ሳያውቁ አይቀሩም፤ ባናውም ዝተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን ወዲያው «ለልጆቹ እንዝርት ያስተምሩልኝ» እንዳትያቸው። ለእኛ ጨዋታ የሚመስለን ፈትል ለእሳቸው በልጅነታቸው እንቅልፍ ያሳጣቸው ሥራ ሊሆን ይችላል። ዝም ካሉ ሁለተኛውን ቅጂ። ካወሩ ልጆቹ ይስሙ። ጭቃ በሬ ሠርተው እንደሚያውቁ ከነገሩሽ ደግሞ፣ በቃ፣ ጉዳዩ ከእጅሽ ወጥቷል።

ፊደል ይቁጠር ካሉም ልጁ በጭቃ ይቁጠር። «ተ» ከሁለት የጭቃ እባብ ትሠራለች፣ «በ» ከሦስት። ሳንቃ ላይ ደርድሮ ለአያቱ ያንብብላቸው። እሳቸውም ፊደል ባይቆጥሩ እንኳ ፊደሎቹን ደርድሮ ስማቸውን ሲጠራ ይሰማሉ።

ጭቃውን በተመለከተ አከራይሽ የተናገረችሽ ምን ላይ ነው? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ብዙ ጊዜ አከራይን የሚያናድደው ጭቃው ሳይሆን የታጠበበት ውሃ ነው፤ ፍሳሹን ይደፍናል። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ቀድደሽ በረንዳው ጥግ አንጥፊ፣ ሥራው ከዚያ አይውጣ። እጅ የሚታጠቡበት ባልዲ አዘጋጂ፤ ውሃው ሲጠል ከላይ ያለውን አፍስሽና ታች የቀረውን ጭቃ መልሰው ይሥሩበት። ልጁ የሚሠራው በሬ ከሆነ (በሬ ነው አይደል?) ጭቃው ላይ ደቀቅ ያለ ጭድ ይቀላቅል፤ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። እግሩ ወፈርና አጠር ይበል። ቀንዱን ለብቻ ሠርቶ ከለጠፈው ይወድቃል፤ ከጭንቅላቱ ላይ ቆንጥጦ ወደ ላይ ቢስበው ይይዛል። ይህን ሁሉ ግን አትንገሪው። ሁለት ሦስት ቀንድ ይውደቅበትና «እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅሽ፤ ያኔ አንዴ አሳዪው። ከተማችሁ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ በሐምሌ ጭቃ ለመድረቅ ሳምንት ቢፈጅ አይግረምሽ። ቸኩሎ እሳት ዳር ካስጠጋው ይሰነጠቃል። በየጠዋቱ እየሄደ በጣቱ ይንካው፤ እሱም ራሱ አንድ ሥራ ነው።

የገዛሻቸውን ዕቃዎች አትጣያቸው፣ ሁሉንም በአንዴ ግን አታውጪ። ብልጭልጩን ደብቂው። እስከ ፋሲካ ከምንጣፍሽ አይወጣም። ሙጫ ሲያልቅ አዲስ አትግዢ። ድሮ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የምንለጥፍበት የዱቄት ሙጫ ለካርቶን ከበቂ በላይ ነው። አንድ ስኒ ፉርኖ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፣ እንዳይጓጉል። አራት ስኒ ውሃ ጨምሪና በቀስታ እሳት ላይ እያማሰልሽ አብስዪው። ወፈር ብሎ መጥራት ሲጀምር አውርጂው። በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ሥሪ። ትንሹ ይህንን ምንጣፍ ላይ ቢደፋው በለብ ያለ ውሃ ይለቃል፤ ለመጮህም ምክንያት አይኖርሽም።

ልተወው ወይስ ልግፋበት ብለሻል። የቅዳሜውን ዓይነት ተይው። ዩቲዩብ ላይ የምታያት እናት ከካሜራው ጀርባ ስንት ጊዜ እንደጮኸች ማን ያውቃል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንቺ በዳንቴልሽ እነሱ በያዙት። ከዚያ በላይ ካልቻልሽ አትቁጠሪው። ስልኩን አትቀሚያቸው፤ ቻርጅ ይደረግ ብለሽ ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ዘመኑ ራሱ ሥራ ያመጣልሻል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ሙልሙሉን እነሱ ያድቦልቡሉት። ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ ሙልሙሉ ተጣሟል ብሎ አይመልስም። ለትንሹ አባቱ በመጣበት ቀን ጅራፍ ይግመድለት፤ ማጮሁን ከሰውም ከመስኮትም ርቆ፣ አባቱ ባለበት ይሁን። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ከርሞ አያውቅም መሰለኝ፤ ስለዚህ እስከ እንቁጣጣሽ ገና ብዙ ቤት የምትውሉበት ቀን አለ። ልጅሽ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥላ ለጎረቤት ትስጥ። አሁን አሁን የታተመ ገዝቶ ማደል ተለምዷል፤ የሷ በእጅ ይሁን። የውሃ ቀለሙ ካለቀ እርድ በጥቂት ውሃ ቢጫ ይሰጣል፣ የቀይ ሥር ውሃ ሮዝ፣ ከሰል ጥቁር። ለነማን እንደምትሰጥ ራሷ ትምረጥ። የመጀመሪያዋን ለአከራያችሁ ብትሰጥ ግን አልጠላም።

ያንን ሥዕል አንድ ነጥብ እንኳ እንዳትነኪው። መልአኩ ስድስት ጣት ቢኖረው ስድስት ይኑረው።

የሠሩትን የት ታስቀምጪዋለሽ? አንድ ካርቶን አዘጋጂና «የእናንተ ነው» በያቸው። ሳይጠየቁ ከዚያ ውስጥ አይጣል። ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ነው። ልጄ ስምንት ዓመቱ ሳለ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ አልጋ ሥር አቁሞት ነበር። ለገና ቤት ስጠርግ ዝገት መስሎኝ ጣልኩት። ዛሬ 27 ዓመቱ ነው፤ ቤት መጥቶ አንድ ነገር ሲጠፋበት «አንቺ ጥለሽው ይሆናል» ይለኛል፣ እየሳቀ። ሲስቅ ግን ሙሉ በሙሉ አይስቅም።

ስለ መቀሱ ልረሳው ነበር። አዎ፣ ይሰጣል፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነው። መጀመሪያ ሊጥ ይቁረጥበት፣ ቀጥሎ የጭቃ እባብ፣ ወረቀት ከዚያ በኋላ። ተቀምጦ ይቁረጥ እንጂ ይዞ አይሩጥ። የእህቱን ፀጉር አንድ ቀን መሞከሩ አይቀርም፤ የዚያን ዕለት እንኳ ዳንቴሉን ጣል አድርገሽ ብትነሺ አልቆጣሽም።